ፀሐይ የሚመታው ወንበር

የእጅ ባለሙያዎች በሚሠሩበት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ክፍል ሲለቀቅ ደጅ የሚጠና፣ አማላጅ የሚልክ ሰው የለም፤ ካርታ ይጫወታሉ። ለሰሚው ግራ ነው። ለእነሱ ግን ብዙ ከተጣሉ በኋላ የተገኘ ሰላም ነው። ድሮ በዕጣ ሞክረው ነበር፤ «ዕጣው ተነካክቷል» ተባለና ሁለት ባለሙያዎች ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ከረሙ። እጅ በማውጣት ሞከሩ፤ እሱ ደግሞ ሕንፃውን ለሁለት ከፍሎ የላይኛው ፎቅ የታችኛውን ሰላምታ እስከ መንፈግ ደረሰ። በመጨረሻ አዛውንቱ ዘበኛ መሐል ገቡና፣ «ዕጣ ዕውር ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያየው ወዳጁን ብቻ ነው። ካርታ ቢያንስ ግማሽ ዓይን አለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ የካርታ ሆነ።

ሕጉ አጭር ነው። ዐሥር ክፍል ነው፤ አንዱ ሲለቀቅ ዘጠኝ ባለሙያ ይቀራል፣ ለእያንዳንዱ መቶ ጠጠር። ጠጠር የሚሏት ክብ ፕላስቲክ ናት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ውጪ ክብሪት እንኳ አትገዛም። ጠጠሩ ያለቀበት ይነሳል፤ ብቻውን የቀረው ክፍሉን ይወስዳል። ሁለተኛ ለወጣ «አይዞህ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም። ጨዋታው ፖከር ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጠዋል፤ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ መሐል ላይ በየተራ ይገለጣል፤ ከሰባቱ የተሻለ የገጠመለት ይበላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ምንም ሳይዙ ብዙ ጠጠር አስይዞ ሌላውን ማስፈራራትና ካርታውን ማስጣል። ከባለሙያዎቹ አንዷን፣ ሰዓት ሠሪዋን፣ ጉድ የሠራቻት ይህች ሁለተኛዋ መንገድ ናት።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቧንቧ ያለው የላይኛው ክፍል የተለቀቀ ጊዜ ነው። ሰባቱ ወድቀው እሷና አናጢው ቀሩ። አናጢውን በሕንፃው ውስጥ «ጎርፉ» ይሉታል። ሲስቅ የጎረቤት መደርደሪያ ይነቃነቃል፤ ሲሰጥ ቆጥሮ አይሰጥም፤ ካርታ ሲይዝ ደግሞ የደረሰው እርባና ቢስ ቢሆን እንኳ አይጥልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እሱ ሞኝ ባይሆንም ወረቀቱን አይለቅም። ያን ቀን ሰዓት ሠሪዋ ጨዋ ሆና ስትጠብቅ ቆይታ፣ መሐል የተገለጡት ካርታዎች ለውሸት ሲመቹላት ጊዜ ያላትን በሙሉ ገፋች። በእጇ ምንም አልነበረም። ከወደቁት ሰባት አንዱ የነበረው ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ሲያወራው፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ የተዋጣለት ውሸት አላየሁም ይላል። አናጢው አገጩን አከከና፣ «እስቲ ልየው» ብሎ በሁለት አራቶች ገባ። ማየት አማረው እንጂ አስቦበት አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ያኔ ያመለጣት ውኃ ነው። አሁን ሊያመልጣት ያለው ብርሃን ነበር።

የሰዓት ሠሪዋ ክፍል ከደረጃው ሥር ናት፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከበላይዋ ቀኑን ሙሉ የሚወጣና የሚወርድ ጫማ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጣ የሰው ሰዓት ስትፈታ ስትገጥም ኖራለች። ባለፈው ዓመት ግን አምፖሉ ጭጋግ ለበሰባት። አምፖሉን ለወጠች፤ ጭጋጉ አልተለወጠም። ሐኪሙ አይቷት፣ «ሞራ ነው፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል፤ ወረፋው ግን ዓመት ያልፈዋል። እስከዚያ ጥሩ የቀን ብርሃን ካገኘሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። በአምፖል ግን አይሆንልሽም» አላት። ይህንን ከባሏ በቀር ለማንም አልነገረችም። ሰዓት ሠሪ ዓይኗ ደከመ ከተባለ ማን የአባቱን ሰዓት አምኖ ይሰጣታል? ለጎረቤት መንገር ደግሞ ለከተማው መንገር ነው፤ ልብስ ሰፊው ወገብ በለካ ቁጥር ወሬም አብሮ ያድላል። ከሁሉ በላይ «ምስኪን» መባልን ትጠላ ነበር። ይህችን ቃል ከመስማት አምፖሉ ሥር ብትታወር ትመርጣለች፤ እንዲህ ያለች እልኸኛ ናት።

የመጽሐፍ ጠራዡ ልጁ ዘንድ ሊኖር ክፍሉን እንደሚለቅ የተናገረ ዕለት ታዲያ ልቧ ዘለለ። የጠራዡ ክፍል ሰፊ መስኮት አለው፤ በሕንፃው ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ መስኮት የለም። ከጥዋት እስከ ማታ መርፌ ወድቆ የሚገኝበት ክፍል ነው። ደስታዋ ግን ገና አፏ ላይ ሳለ አናጢው ከወዲያ በኩል፣ «እሰይ! ጣውላዬን የማቆምበት ግድግዳ አገኘሁ» ብሎ ጮኸ።

«የትኛው ግድግዳ?» አለችው።

«የመስኮቱ ነዋ፣ እትዬ! ረጅሙ እሱ አይደል?»

መስኮቱን በጣውላ ሊደፍነው ነው። ክፋት የለበትም፤ ለጣውላ ብርሃን ምን ያደርግለታል? ይኸው አናጢ ባለፈው ክረምት የበሯን መቃን ሳትጠይቀው አስተካክሎላት «ሂጂ ወዲያ» ብሎ ምስጋናዋን እንኳ አልተቀበላትም። ስለዚህ ልትጠላው አልቻለችም። ልታሸንፈው ግን ቆረጠች።

ለአምስት ሳምንት በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ከባሏ ጋር ተለማመደች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሰዓቱ የደረሰ ሰው። «አንተ አናጢው ነህ» አለችው። «ምንም ቢደርስህ አትጥል። ሁልጊዜ ጨምር። ሳስፈራራህ አትፍራ።»

«አንቺን አለመፍራት ነው የሚከብደኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» አለ፤ ከዚያ ግን ነገሩ ጣመው። እንደ አናጢው እየሳቀ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ በፈለገው ካርታ እየገባ በክብሪት እንጨት ሲጫወቱ በመጀመሪያው ሳምንት አራቆታት። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ሰባተኛ ውሸቷን በሁለት ሦስቶች ከበላባት በኋላ፣ ካርታውን አስቀምጦ በደንብ አያት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውሸትሽ እኮ ጥሩ ነው። ግን ውሸት ሰሚ ይፈልጋል። እኔ አሁን አናጢው ነኝ አይደል? አልሰማሁሽም። የራሴን ካርታ ነው የማየው።»

ሰዓት ሠሪዋ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስህተቷ የሙያዋ ስህተት ነበር። ሰዓት ስትጠግን እያንዳንዷ ጥርስ ቀጣይዋን ትገፋለች፤ ይህን ብታደርግ ያ ይሆናል። አናጢውንም እንደ ሰዓት ልታስኬደው ፈለገች። እሱ ግን የውስጥ ዕቃው የእሷን አይገጥምም፤ ብትገፋው አይዞርም። እንግዲህ የማይዞረውን መግፋት ትታ፣ በራሱ ጊዜ ሲመጣባት አጥብቃ መያዝ አለባት። በማግስቱ ለባሏ አስረዳችው። ማስፈራራት የለም፤ አንድም ጊዜ። የያዘች ጊዜ ግን አትደብቅም፤ በግልጽ፣ በትልቁ ታስይዛለች፤ እሱ እንደሆነ ለማየት ብሎ ይከፍላል። በትንሽም ነገር ትገባለች፤ ትንሿም ጥንድ ባዶን ታሸንፋለች፤ እሱ ደግሞ ከሁለቴ አንዴ ባዶ ነው።

«ብትሸነፊስ?» አላት ባሏ።

«አልሸነፍም አላልኩም። በውሸቴ አልሸነፍም ነው ያልኩት።»

ቀኑ እሑድ ነው፤ ከምሳ በኋላ። ጠራዡ ዕቃውን አውጥቶ ጨርሶ፣ መጋረጃውን እንኳ ሳይቀር ይዞ ስለሄደ፣ ባዶው ክፍል መሐል አንድ ክብ ጠረጴዛ ብቻ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ የሙጫ ጠባሳ፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የነበረበት ነጭ መስመር ይታያል። ዘበኛው ካርታ ያድላሉ። መሐል የሚገለጠውን ካርታ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ እሳቸው ጆሮው የከበደ ይመስል፣ እየጮኹ ይጠሩታል። ለሰዓት ሠሪዋ ይህ ጩኸት ከዘፈን ይጥም ነበር፤ የመሐሉን ማየት አይጠበቅባትም።

ቀለም ቀቢው ቀድሞ ወደቀ፤ ከዚያ ጫማ ሰፊው፤ ሌሎቹም በየተራ «አይዞህ» እየተባሉ ወደ ግድግዳው ሄደው ቆሙ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሦስት ሰው ቀረ። ከዘጠኝ መቶው ጠጠር አምስት መቶ ስድሳው አናጢው ፊት እንደ ፍርስራሽ ተከምሯል። ልብስ ሰፊው መቶ ዘጠና ይዟል፤ ሽማግሌ፣ ነገር አጥባቂ፣ ጠጠሩን እንኳ በቀለም ለይቶ የሚደረድር። ሰዓት ሠሪዋ መቶ ሃምሳ።

ሦስት ሲቀሩ ወንበር እንደገና ይመረጣል፤ ትንሽ ጠጠር ያለው ቀድሞ ይመርጣል። ይህም የዘበኛው ሕግ ነው፤ «ለተጎዳ ወንበር እንኳ ይድረሰው» ብለው ያወጡት።

«ምረጪ» አሏት።

ጀርባው ለመስኮቱ የሆነ ወንበር አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ብርሃኑ ከትከሻው በላይ አልፎ ካርታው ላይ ያርፍለታል። ከዘጠኙ ሰው ሁሉ ያ ወንበር ለማን እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አናጢው ደግሞ ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ ለመነሳትም አላሰበም። ከእሱ በስተግራ ያለው ወንበር ፊቱን በቀጥታ ለመስኮቱ የሰጠ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ዓይን ዓይኑን ይለዋል። ግን ተራው የሚዞረው በስተግራ በኩል ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአናጢው ቀጥሎ ይናገራል፤ እሱ የሚያደርገውን አይቶ የራሱን ያደርጋል። ጎርፍ ከኋላ ሲመጣና ፊት ለፊት አይተውት ሲመጣ አንድ አይደለም።

ፀሐይ የሚመታው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ፊትሽ ይጠቁራል!» አለ አናጢው።

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊያየኝ?» አለች፤ ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ልብስ ሰፊው በብርሃኑ ወንበር ላይ ደስ ብሎት ተመቻቸ።

መጀመሪያ የደረሷት ካርታዎች ንግሥትና ጃክ ነበሩ። ሥዕል ያለውን በቀለሙና በቅርፁ ትለየዋለች፤ የሚያስቸግራት ባለ ቁጥሩ ነው። አናጢው እንደ ልማዱ ሠላሳ አስያዘ፤ ተከተለችው። መሐል ሦስት ካርታ ተገለጠ፤ ዘበኛው ጮኸው ጠሩ። ለእሷ ምንም። አናጢው ሳያስይዝ አለፈ፤ ተራው ደረሳት። ውሸቱ በሙሉ ተሰናድቶ ቀርቦላት ነበር፤ ሦስቱም ባለ ልብ ካርታዎች ስለሆኑ አምስት ልብ የገጠመላት መምሰል ትችላለች፣ እሱ ዝም ብሏል፣ ስልሳ ጠጠር መሐል ተቀምጧል። እጇ ወደ ጠጠሯ ሄደ። የሃያ ሁለት ዓመት ሙያዋ «አሁን!» አላት።

እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ አናጢው ትንሽ ሲያስይዝ ካርታዋን ጣለች።

«ሦስት ነበረኝ፣ አንድ ጥንድ ሦስት!» አለ አናጢው ገልጦ እያሳያት። «ብትገፊ እገባልሽ ነበር፣ እውነቴን ነው!»

«አውቃለሁ» አለች። መቶ ሃያ ጠጠር ቀራት፤ ደስ ግን አላት። በዚያ ቀን ካደረገችው ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር።

ዘጠኝ ሰው ሲጫወት ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል። ሦስት ሲሆኑ ግን ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚቀመጠው መደብ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፤ ዝም ብሎ የጠበቀ ተበልቶ ያልቃል። ልብስ ሰፊው ይህን ማየት አልፈለገም፤ ንጉሥ እየጠበቀ ጠጠሩን በዐሥር በዐሥር ያስበላል። ሰዓት ሠሪዋ አልጠበቀችም። በሚቀጥለው ዙር ሁለት ንግሥት መጣላት። አናጢው ሠላሳ አለ። የድሮዋ ሰዓት ሠሪ ብትሆን ንግሥቶቿን ደብቃ፣ ድምፅዋን አጥፍታ፣ ቀስ ብላ ታጠምደው ነበር። የአሁኗ መቶ ሃያውን በሙሉ ገፋች።

ልብስ ሰፊው ጣለ። አናጢው አገጩን አከከ። «እስቲ ልየው» አለ፤ ዐሥርና ሰባት ይዞ ገባ።

«በዐሥርና በሰባት?» አለ ልብስ ሰፊው ተቆጥቶ፤ የገባው በእሱ ላይ ይመስል።

«ሁለቱም ቀይ ናቸው እኮ፣ ጋሼ!»

ቀይ መሆናቸው አልረዳቸውም። ሰዓት ሠሪዋ ሁለት መቶ ሃምሳ ጠጠር ወደ ራሷ ጎተተች።

ልብስ ሰፊውን የጣለው ንዴቱ ነው። «ይህ ሰውዬ በማንኛውም ቆሻሻ ይገባል» እያለ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ በአምስተኛው ዙር ያለውን በሙሉ በባዶ ገፋበት። በማንኛውም ቆሻሻ የሚገባን ሰው በባዶ ማስፈራራት! ሰዓት ሠሪዋ ካርታዋን ጥላ ስታየው የዛሬ ሦስት ዓመት የራሷን ፊት ያየች መሰላት። አናጢው በአንድ ጥንድ አምስት ገባ። ልብስ ሰፊው ተነስቶ የብርሃኑን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ሥር አስጠግቶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ «ይህ ጨዋታ አይደለም፣ አደጋ ነው» ብሎ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ከሦስት ወዲያ ወንበር አይቀየርም።

አናጢው ስድስት መቶ ሃምሳ፣ እሷ ሁለት መቶ ሃምሳ።

ቀጣዩን አንድ ሰዓት የተመለከቱት ሰዎች አሰልቺ ነበር ይላሉ። ለእሷ አሰልቺ አልነበረም። ባዶ ስትሆን ትጥላለች፤ ትንሽም ስትይዝ በትልቁ ታስይዛለች፤ እሱ ያያል፤ ይከፍላል፤ ይስቃል። ሁለት ጃክ ስትይዝ ከፈላት። አስና አምስት ስትይዝ ከፈላት። አንዴ በያዘችው ጥንድ ስምንት ላይ እሱ ጥንድ ዘጠኝ አግኝቶ ሰባ ጠጠር ወሰደባት። ግድግዳው ጋ የቆሙት «ወይኔ» ሲሉ እሷ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። ስምንቱ ትክክል ነበር፤ ትክክል ሆኖ መሸነፍ ያለ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የአናጢው ክምር ሳይታወቀው እየተፈታ ሄዶ፣ አንድ ጊዜ ዘበኛው ሲቆጥሩ እሷ አራት መቶ ስድሳ፣ እሱ አራት መቶ አርባ ሆኑ።

ፀሐይዋ ግን ዝቅ ብላ መስኮቱ መሐል ገብታ ነበር። የሰዓት ሠሪዋ ዓይን እንባ ያፈሳል። ሰው ሁሉ ፀሐይ ነው ብሎ ያስባል፤ ግማሹ እውነት ነው።

ዘበኛው አደሉ። አንዱን ካርታ ቀና አድርጋ አየችው፤ አስ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ስላለው ይለያል። ሁለተኛው ስድስት ወይም ስምንት ነው። አዘነበለችው። በመዳፏ ጋረደችው። የካርታው ልሙጥ ፊት ብርሃኑን መልሶ ዓይኗ ውስጥ ይረጨዋል፤ ምልክቶቹ እርስ በርስ ይፈሳሉ። ሁለት ሰው ሲጫወት ከካርታ ሁሉ የሚበልጠው አስ ብቻውን ይበቃል ብላ ገባች።

«ንጉሥ! ስድስት! ሦስት!» ብለው ጮኹ ዘበኛው።

አናጢው አርባ አስያዘ። ስድስት ከያዘች ጥንድ አላት፤ ስምንት ከሆነ ባዶ ናት። አንድ ጊዜ ልክፈል አለች፤ ተከተለች።

«ጃክ!» ሁለቱም አለፉ።

«ሁለት!»

ቀድሞ የሚናገረው አናጢው ነበር። ጠጠሩን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ክምሩን እንደ ሰጋቱራ ጠርጎ ወደ መሐል ገፋው። «ሁሉንም፣ እትዬ! ይለይልን!»

ልብስ ሰፊው ከግድግዳው አንድ እርምጃ ተጠጋ።

ሰዓት ሠሪዋ ካርታዋን አነሳች፤ አስቀመጠች። ስምንት ከሆነ ትጥላለች፤ አብዛኛው ጠጠሯ አለ፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ስድስት ከሆነ መግባት አለባት። በግምት ብትጥል፣ በግምት ብትገባ፣ አምስት ሳምንት የተማረችውን ሁሉ በመስኮት አውጥቶ እንደ መወርወር ነው። የሚያነብላት መሣሪያ ደግሞ ኪሷ ውስጥ አለ፤ ዓይን ላይ የምትጣበቀው ጥቁሯ ማጉያ። ሰዓት ውስጥ ያለች ፀጉር የምታክል ሽቦ ለማየት ነው የተሠራችው። ካርታ ለማየት እሷን ያወጣ ሰው፣ ስለ ራሱ ሌላ የሚናገረው ነገር አያስፈልገውም።

ዘጠኝ ሰው ያያታል። ነገ ከተማው ያውቃል።

«ይወቅ» አለች በልቧ። ዓይን ከሌለኝ ምስጢሩን ይዤ ምን ላደርገው ነው? እጇን ኪሷ ከተተች፤ ማጉያዋን አወጣች፤ ዓይኗ ላይ አጣበቀች፤ ካርታውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ምልክቶቹን ቆጠረች። ስድስት።

የአናጢው ሳቅ መሐል ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ስድስት እንግዲህ ምንም አይደለም። ንጉሥ መሐል ተቀምጧል፣ ጃክ ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊው ቢሆን ይህን ካርታ በፍጥነት ነበር የሚጥለው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሁሉ የገፋባት እሷም ትጥላለች። ይህ ግን ሌላ ሰው አይደለም። ይህ ጎርፉ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ከሚያመጣው ግማሹ ውኃ ነው።

«ገብቻለሁ» አለች። አስና ስድስቷን ገለጠች።

አናጢው ካርታውን ገለጠ። ዐሥርና ሦስት። አንድ ጥንድ ሦስት።

ዘበኛው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ጥንድ ስድስት! ክፍሉ የሰዓት ሠሪዋ ነው!» ብለው እንደ ልማዳቸው ጮኹ።

ግድግዳው ጋ የነበሩት ጠረጴዛውን ከበቡት፤ ቀለም ቀቢው ትከሻዋን ያዘ፤ ጫማ ሰፊው አጨበጨበ። ማንም ግን ስለ ማጉያዋ ትንፍሽ አላለም። ማጉያዋ አሁንም እጇ ውስጥ ነበረች፤ መደበቅ ረስታለች። ልብስ ሰፊው ሲያያት ቆይቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገና የእጁን ሰዓት ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሁለት ሳምንት ሆነው ከቆመ» አለ። «የአባቴ ነው። ሐሙስ እፈልገዋለሁ።»

«ሐሙስ ይደርሳል፣ ጋሼ» አለች። ልቧ ሙሉ ነበር፤ እንዳታለቅስ ሰዓቱን አንስታ ማጠንጠኛውን ነካካችው።

ሰዎቹ ወንበር እያነሱ፣ እየተንጫጩ ሲወጡ አናጢው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ዐሥርና ሦስቱን በጣቱ ይገፋል።

«በስድስት ነው የገባሽብኝ?»

«ለአንተ ስድስት ይበቃል።»

ሳቀ፤ ግን የመደርደሪያ ሳቁ አልነበረም። ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ እሷ ወደተቀመጠችበት ወንበር፤ ከዚያ ወደ ማጉያዋ። ገባው።

«ፀሐዩ ላይ እያወቅሽ ነው የተቀመጥሽው።»

«እያወቅሁ ነው።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ለጣውላ ነው። ጣውላ የትም ይቆማል። አንድ ቃል ብትነግሪኝ፣ በእናቴ እምልልሻለሁ፣ ገና መጀመሪያ ካርታዬን እጥልልሽ ነበር።»

ሰዓት ሠሪዋ አየችው። በሕይወቱ ካርታ ጥሎ የማያውቅ ሰው፣ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።»

አናጢው ተነስቶ ከኪሱ ሜትሩን አወጣና መስኮቱ ሥር ተንበረከከ።

«ጠረጴዛሽ ቁመቱ ስንት ይሁን?»

«ስቀመጥ ክርኔ ድረስ» አለች። «ግን እንደማንኛውም ደንበኛ ወረፋዬን እጠብቃለሁ።»

«ትጠብቂያለሽ» አለ፤ ከወለሉ እስከ ክርኗ ለክቶ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ በትልቁ ጻፈላት።